የቀዘቀዙ አተሞችና ቅሪት ጋዝ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሌዘር ቀዝቅዘው ወጥመድ ውስጥ የተያዙ የሩቢዲየም አተሞች ሙቀታቸው ከ1 ሚሊኬልቪን በታች ነው። የቫክዩም ቻምበሩ ግድግዳ ግን 300 ኬልቪን ገደማ ነው። ከዚያ ግድግዳ የሚወጣው ሃይድሮጅን (ቫክዩሙ ውስጥ ከሚቀረው ጋዝ፣ ቅሪት ጋዝ ከምንለው አንዱ) በአማካይ በሴኮንድ ወደ 1.8 ኪሎ ሜትር ይበራል። ሁለቱ መጋጨታቸው አይቀርም። ችግሩ ግጭቱን የምንተረጉምበት መንገድ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት፣ ሙቅ አየር በረዶ እንደሚያቀልጥ ሁሉ ጋዙም አተሞቹን ቀስ በቀስ ያሞቃቸዋል ብሎ ማሰብ ነው። እንደዚያ አይደለም። አንዱ ሞለኪውል አንዱን አተም ይመታል፤ የተመታው አብዛኛውን ጊዜ ወጥመዱን ጥሎ ይወጣል፤ የቀሩት ምንም አልደረሰባቸውም። መጀመሪያ የሚታይዎት የሙቀት መጨመር ሳይሆን የቁጥር መቀነስ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ወደ ሌላኛው ጫፍ ይሄዳል፦ «እንግዲያው ግጭት ሁሉ አተም ያስወጣል» ይላል። ለእኔ ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ነው። ብዙ ግጭቶች ፊት ለፊት አይደሉም። ሞለኪውሉ ራቅ ብሎ ሲያልፍ በቫን ደር ዋልስ ኃይል (አተሞችና ሞለኪውሎች ራቅ ብለው በሚሳሳቡበት ደካማ ኃይል) አተሙን ነካ አድርጎት ይሄዳል። ያቺ ትንሽ ምት አተሙን ታስወጣው እንደሆነ የሚወስነው የወጥመዱ ጥልቀት ነው፤ ይኸውም አተሙ ለማምለጥ የሚያስፈልገው ጉልበት ነው፣ በኬልቪን ይገለጻል። በሌዘርና በማግኔት የሚይዘው የማግኔት-ኦፕቲካል ወጥመድ ጥልቀት 1 ኬልቪን አካባቢ ሊደርስ ይችላል፤ የተነካውን አተም ሌዘሩ መልሶ ያቀዘቅዘዋል። የማግኔት ወጥመድ ግን ብዙውን ጊዜ በሚሊኬልቪን የሚለካ ነው፤ ትንሽ ምት ይበቃዋል። ከምቱ ተርፎ የቀረ አተም ደግሞ የሚያቀዘቅዘው ብርሃን ስለሌለ እንደሞቀ ይቆያል። ስለዚህ በአንድ ቻምበር ውስጥ ሁለት ወጥመዶች የተለያየ ዕድሜ (አተሞቹ በአማካይ ወጥመዱ ውስጥ የሚቆዩበት ጊዜ) ቢሰጡዎት ቫክዩሙን ለመጠርጠር አይቸኩሉ። ጥልቀቱ ያልተነገረ ዕድሜ ግማሽ መረጃ ነው።

የግፊት መለኪያውን እንዳለ ማመንም ሌላ ስህተት ነው። መለኪያው ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ፓምፑ አጠገብ ነው፤ አተሞቹ ያሉበት ቦታ ግፊቱ ከፍ ሊል ይችላል። በዚያ ላይ የአዮን መለኪያዎች (ጋዙን አዮን አድርገው ግፊቱን የሚለኩት) የሚስተካከሉት በናይትሮጅን ነው፤ ሃይድሮጅንን በግማሽ ያህል አሳንሰው ያነባሉ። አተሞቹን ራሳቸውን ይጠይቁ፦ በማግኔት-ኦፕቲካል ወጥመድ የ10 ሴኮንድ ዕድሜ በጥቅሉ ከ10⁻⁹ ቶር (የግፊት መለኪያ አሃድ) አካባቢ ጋር ይሄዳል።

ሲለኩ ግን የመጀመሪያዎቹን ሴኮንዶች ይጠንቀቁ። ደመናው ጥቅጥቅ ያለ ሲሆን አተሞቹ እርስ በርስም ይጋጫሉ፤ ቁጥሩም ቶሎ ይወርዳል። ሁሉንም በአንድ ኤክስፖኔንሻል ኩርባ (በእኩል ጊዜ በእኩል መቶኛ በሚቀንስ) ከገለጹት ጥፋቱን በጋዙ ላይ ይደፋሉ። ደመናው ከሳሳ በኋላ ያለውን የኩርባውን ጅራት ይውሰዱ።

በመጨረሻ፣ አተም አነሰ ብሎ ወጥመዱ የሚሞላበትን የሩቢዲየም ትነት የመጨመር ስህተት አለ። ትነቱ ራሱ የያዙትን አተም የሚመታ ጋዝ ነው። ቅሪት ጋዙን ከበለጠ በኋላ የሚገባውም የሚወጣውም እኩል ይጨምራል፤ ወጥመዱ ቶሎ ይሞላል እንጂ የአተሙ ቁጥር አያድግም፤ ዕድሜው ግን ያጥራል። ብዙ አተም ከፈለጉ የሌዘሩን ጨረር ያስፉ፣ ኃይሉንም ይጨምሩለት። ረጅም ዕድሜም ካስፈለገዎት አንዱ ቻምበር ውስጥ ይያዟቸውና ንጹሕ ቫክዩም ወዳለበት ሌላ ቻምበር ያሻግሯቸው።