የጉልበት ልምምድ ቆጣሪው ሲያስቸግር፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ ጽሑፍ ቤት ውስጥ የጉልበት ልምምድ ለሚሠራ ዘመድ ቆጣሪ መሣሪያ ለገጣጠማችሁ ነው። ዕቃዎቹ አርዱኢኖ ናኖ (ኮድ የሚጫንበት ትንሽ ሰሌዳ)፣ ኤምፒዩ 6050 የእንቅስቃሴ ሴንሰር፣ ባዘርና ማሰሪያ ናቸው። ሴንሰሩ ቅልጥም ላይ ይታሰራል። ሰውየው ወንበር ላይ ተቀምጦ እግሩን ሲዘረጋ ሴንሰሩ ዲግሪውን ያነባል፤ የተባለው ልክ ላይ ሲደርስ መሣሪያው ይጮህና አንድ ይቆጥራል። ልኩንና የድግግሞሹን ብዛት የሚወስነው ፊዚዮቴራፒስቱ ብቻ ነው።

መሣሪያው ሲያስቸግር ብዙ ሰው ዘሎ ኮዱን ይነካካል። እባካችሁ መጀመሪያ ማሰሪያውንና ሽቦውን እዩ።

ሴንሰሩ ጨርሶ አይገኝም

አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ብየዳ ነው። ሴንሰሩ ሲገዛ ፒኖቹ ለብቻቸው ይመጣሉ። ሳይበየዱ ቀዳዳው ውስጥ ብቻ ከተሰኩ አንዴ ይነካሉ፣ አንዴ ይለቃሉ። በካውያ በየዷቸው፤ ከዚያ በቴስተር አንድ በአንድ ፈትሹ። የሴንሰሩ ኤስዲኤ ፒን ወደ ናኖው ኤ4፣ ኤስሲኤል ወደ ኤ5 መግባት አለበት። ሁለቱ ከተቀያየሩ ምንም አይቃጠልም፣ ምንም አይሠራምም።

ሽቦው ልክ ሆኖ ላይብረሪው (ሴንሰሩን የሚያነበው ዝግጁ ኮድ) "አልተገናኘም" ካለ፣ ሴንሰሩ ቅጂ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ቅጂዎች ማንነታቸው ሲጠየቅ ላይብረሪው የሚጠብቀውን ቁጥር አይመልሱም እንጂ መለካቱን ይለካሉ። ያንን ፍተሻ ከኮዱ አውጡትና ንባቡን እዩ።

ኮዱ ጭራሽ ወደ ናኖው አልጫን ካለ ደግሞ ኬብሉን ቀይሩ። ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ፣ ዳታ የማያሳልፍ ኬብል ሞልቷል። ካልሆነ ሶፍትዌሩ ላይ "ኦልድ ቡትሎደር" የሚለውን መርጣችሁ ሞክሩ።

ቁጥሩ ይሞላል፣ ጉልበቱ ግን አይዘረጋም

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይኼ ነው፤ መሣሪያው ደህና ይመስላልና። አክስቴ "በቃ አስሩም ሞላ እኮ ልጄ!" ብላኝ ደስ አላት። ጎኗ ሆኜ ሳይ ግን እግሯን ባነሳች ቁጥር ወገቧ ወደ ኋላ ይንጋለላል፤ ጭኗም ከወንበሩ ይነሳል። ጉልበቷ እንደታጠፈ ነው። አንድ ሴንሰር የሚያውቀው የቅልጥሙን መዘንበል እንጂ የጉልበቱን መታጠፍ አይደለም። ጭን ከተነሳ ቅልጥምም አብሮ ይነሳል፣ ቆጣሪውም ይቆጥራል።

ቀላሉ መፍትሄ አቀማመጥ ነው። ጀርባ ወንበሩን ይደገፍ፤ ጭኑም ሙሉ በሙሉ ወንበሩ ላይ ይረፍ። ወንበሩ ዝቅ ያለ ከሆነ ጉልበት ከዳሌ በላይ ይወጣል፤ ዲግሪውም ከመጀመሪያው ይዛባል። ስለዚህ በርጩማ አይሆንም።

ትክክለኛው መፍትሄ ግን ጭን ላይ ሁለተኛ ሴንሰር ማሰር ነው። የሁለተኛውን ኤዲ ዜሮ ፒን ከ3.3 ቮልት ጋር አገናኙ፤ አድራሻው ከ0x68 ወደ 0x69 ይቀየራል። ከዚያ የጭኑንና የቅልጥሙን ዲግሪ ቀናንሱ። ልዩነቱ የጉልበቱ ነው። መንጋለል ከዚያ በኋላ አያታልለውም።

የማሰሪያውም ቦታ ወሳኝ ነው። ባት ላይ አትሰሩት፤ ጡንቻው ሲወጠር ሳጥኑን ይገፋዋል። ፊት ለፊት፣ አጥንቱ ቆዳ ስር የሚዳሰስበት ቦታ ላይ ይሁን። በድሬ ሙቀት ደግሞ ላብ አለ። ፕላስቲክ እርጥብ ቆዳ ላይ ይንሸራተታል፤ አምስተኛው ድግግሞሽ ላይ ሳጥኑ ዞሮ ታገኙታላችሁ። ከስር የጥጥ ጨርቅ አድርጉ። ደም እስኪያግድ ግን አታጥብቁት።

እግር ሳይንቀሳቀስ ዲግሪው ይሸሻል

ጋይሮስኮፑ (ሴንሰሩ ውስጥ የመዞር ፍጥነትን የሚለካው ክፍል) ቆሞም ቢሆን ትንሽ ስህተት ያነባል። ኮዱ ያንን እየደመረ ሲሄድ ቁጥሩ ይሸሻል። ስህተቱ ደግሞ ከሙቀት ጋር ይለዋወጣል። ድሬ ላይ የተስተካከለውን መሣሪያ 700 ሜትር ገደማ ከፍ ወዳለችው ሐረር ይዛችሁ ብትወጡ፣ በቀዝቃዛው አየር የድሮው ማስተካከያ አይሠራም። ስለዚህ ማስተካከያውን አስቀምጣችሁ አትጠቀሙ። መሣሪያው በተከፈተ ቁጥር ጥቂት ደቂቃ ይሙቅ፤ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ ሳይነካ 500 ያህል ንባብ ወስዶ አማካዩን ይቀንስ።

ይህ ብቻውን አይበቃም። የጋይሮውን ዲግሪ በ0.98፣ የአክስለሮሜትሩን በ0.02 አባዝታችሁ ደምሩ። አክስለሮሜትሩ የመሬት ስበትን ስለሚያነብ፣ የሸሸውን ቀስ እያለ ይመልሰዋል። ለማረጋገጥ ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ አስተኙት፣ ከዚያ በጎኑ አቁሙት። የ90 ዲግሪ ልዩነት ካላሳየ ገና ነው።

አንዱን ሁለት ሦስት አድርጎ ይቆጥራል

የደከመ እግር ጫፍ ላይ ሲደርስ ይንቀጠቀጣል። ልኩ 60 ከሆነ 59 እና 61 እያለ ይመላለሳል፣ እያንዳንዱም ይቆጠራል። ሁለት ልክ ስጡት፦ 60 ሲያልፍ ይቁጠር፤ ከ20 በታች ሳይወርድ ግን ሌላ አይቁጠር።

ቫይብሬተሩ ሲነሳ መሣሪያው ይደርቃል

ጆሮው ለሚከብድ ሰው በባዘር ፈንታ ቫይብሬተር ጥሩ ነው። ነገር ግን ሞተሩን በቀጥታ ፒን ላይ አትስኩ። የናኖ ፒን ከ40 ሚሊአምፔር በላይ አይችልም፤ ሞተር ሲነሳ ከዚያ በላይ ሊስብ ይችላል። በትራንዚስተር አሳልፉት፣ ዳዮድ በተቃራኒ አቅጣጫ ግጠሙለት፣ ኃይል መስመሩ ላይም 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጨምሩ።

ፓወር ባንኩ ራሱን ያጠፋል

መሣሪያው የሚወስደው ኃይል በጣም ትንሽ ነው። ፓወር ባንኩ ስልኩ ሞልቷል ብሎ ይዘጋል። ሦስት ባለ 1.5 ቮልት ድንጋይ በ5 ቮልት ፒን በኩል ስጡት፤ 4.5 ቮልት ይበቃዋል። በዚህ ጊዜ የኮምፒውተሩ ኬብል ይነቀል። ሊቲየም ባትሪ ከመረጣችሁ ፀሐይ ላይ ወይም ባጃጅ ውስጥ አትተዉት፤ ካበጠም አውጡት። መሣሪያው እግር ላይ እያለ ደግሞ ከግድግዳ ሶኬት ጋር በፍጹም አይገናኝ።