የጭቃ ግድግዳ ከሥሩ ሲርስ

ጣሪያው እንደማያፈስና አሸንዳው እንዳልተደፈነ አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ደሴና ኩታበር አካባቢ ክረምት በገባ ቁጥር የምጠራው ለአንድ በሽታ ነው። ግድግዳው ከመሬት እስከ ጉልበት ይጠቁራል። ልስኑ ያብጣል፤ ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ይሰጣል። ምስማር ብትወጉት እንደ ገንፎ ይቀበላችኋል።

ደረቅ ጭቃን የሚያጠነክረው በሸክላው ቅንጣቶች መሃል የቀረችው ጥቂት እርጥበት ናት፤ እሷ ቅንጣቶቹን ታሳስባቸዋለች። ውሃ ሲበዛ መሳሳቡ ይጠፋል። የጥር ድንጋይ በሐምሌ ሊጥ ይሆናል። ቋሚ ባለው ቤት እንጨቱ ይበሰብሳል። በጭቃ ጡብ በተሠራው ግን ሸክሙ ጭቃው ላይ ስለሆነ ግድግዳው ራሱ ይሰምጣል።

ውሃው ከመሬት የሚወጣው ጋዝ በኩራዝ ክር እንደሚወጣው ነው። የጭቃ ምርግ ያተነዋል። ሲሚንቶ ግን አፍኖ ይይዘዋል። አንዲት እናት «ልጄ፣ ሲሚንቶ አስለስኜው እንዴት ይርሳል?» አሉኝ። ልስኑን በመሮ ስነቅለው ከጀርባው ያለው ጭቃ እግሬ ላይ ተዘረገፈ። ቋሚውን በእጄ ፈረፈርኩት። ሲሚንቶውን የለሰነው ሰውዬ ብሩን ተቀብሎ ሄዷል፣ ስልኩም አይነሳም! ኮምቦልቻ ደግሞ ግቢውን በየዓመቱ አፈር እየደለደሉ የድንጋይ መሠረቱን የቀበሩ አሉ። ከዚያ «ቤቱ አረጀ» ይላሉ።

መጀመሪያ ጣሪያውን በእንጨት ደግፉ። ሳትደግፉ መሮ አታንሱ። ደግሜ እላለሁ፣ አታንሱ። ሲሚንቶውን ከእርጥበቱ መስመር በላይ ድረስ ንቀሉት። ድንጋዩ ቢያንስ አንድ ክንድ ያህል እስኪታይ አፈሩን ዝቅ አድርጉ፤ ውሃው ከቤቱ የሚርቅበት ቦይም ቅደዱ። ከዚያ ተውት። ነሐሴ ላይ መልሶ መመረግ እርጥበቱን መቅበር ነው፤ ኅዳርን ጠብቁ። ከሰል አንድዶ ማድረቅም አይሆንም። ላዩ ይሰነጠቃል፣ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፣ ጭሱም ሰው ይገድላል።

ለምርጉ ቀይ አፈር ከጤፍ ጭድ ጋር አቡኩትና ጥቂት ቀናት ይሰንብት። ዋልካ፣ ያን ጥቁር አፈር፣ አታስገቡ፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከጭቃው ትንሽ ቂጣ ጠፍጥፋችሁ ፀሐይ ላይ ሞክሩት። ከተሰነጠቀ አሸዋ ጨምሩ። ሁለተኛውን ምርግ የመጀመሪያው ሳይደርቅ አትደርቡ።

ነጭ ዱቄት ካያችሁ ጨው ነው፤ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት እንጂ አትጠቡት። የአፈር መንገድ ወደ ላይ ከወጣ ምስጥ ነው፣ ያ ሌላ ሥራ ነው።