አዲስ የመሪ እጀታ ከተገጠመ በኋላ የሞተር ሳይክልን ነዳጅ መስጫ እንዴት ማስተካከል ይቻላል?

የሞተር ሳይክል መሪ እጀታ ጎማ ሲያረጅ ጥርሱ ያልቃል፣ ውሃ ሲነካውም ከእጅ ያመልጣል። ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት በሚመላለስባት ጅማ ይህ ቀላል ጉዳይ ስላልሆነ ብዙ አሽከርካሪዎች ከፋብሪካው ጋር የመጣውን እጀታ አውልቀው ወፈር ወይም ለስለስ ያለ ሌላ ያስገጥማሉ። ከገጠሙ በኋላ ግን ነዳጅ መስጫው ይከብዳል፣ ሲለቁት ቶሎ አይመለስም፣ ወይም ገና ሳይነካ ሞተሩ ከፍ ብሎ ይጮኻል። በዚህ ጊዜ የብዙ ሰው እጅ የሚሄደው ነዳጅ መስጫውን ከሞተሩ ጋር ወደሚያገናኘው የሽቦ ገመድ፣ ወደ ካቦው ማስተካከያ ነው፤ ቅደም ተከተሉ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ካቦው ቀድሞ ደህና ከነበረና ሥራው ላይ ካልተነካካ፣ እጀታ ስለተቀየረ ብቻ ርዝመቱ አይለወጥም። የተለወጠው እጀታው በአጠገቡ ካሉት ክፍሎች ጋር ያለው መነካካት ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ የሚነካካው ቦታ ይፈለጋል፣ ቀጥሎ ባዶው ዙር ይለካል፣ ካቦው የሚስተካከለው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ፍጥነት) የሚነካው ደግሞ ሁሉም ካለቀ በኋላ፣ ያውም አስፈላጊ ከሆነ ብቻ ነው።

ለሥራው ካቻቢቴ፣ ባለ 8 እና ባለ 10 ቁጥር ቁልፍ፣ በሚሊ ሜትር የተከፋፈለ ማስመሪያ፣ ማርከር፣ ንጹህ ጨርቅና ቀጭን የማሽን ዘይት ይበቃሉ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉም ወጥቶ፣ ሞተር ሳይክሉ በደልዳላ ቦታ ይቁም።

በመጀመሪያ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው አዙረው በድንገት ይልቀቁት። ጤነኛ ነዳጅ መስጫ ያለ ማንም እርዳታ ፈጥኖ ይመለሳል፣ መዝጊያው ላይ ሲደርስም ድምፅ ያሰማል። ይህንኑ መሪውን ቀጥ አድርገው፣ እስከ መጨረሻው ወደ ግራ አዙረው፣ ከዚያም ወደ ቀኝ አዙረው ይድገሙት። በሦስቱም አቅጣጫ እኩል የሚዘገይ ከሆነ ጥፋቱ እጀታው አካባቢ የመሆኑ ዕድል ከፍተኛ ነው፤ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዘገይ ከሆነ ግን ካቦው ተጣምሟል፣ ወይም በማያልፍበት መንገድ አልፏል። ይህ ፍተሻ ምንም ሳይፈታ የሚደረግ በመሆኑ ሊዘለል አይገባም።

የሚነካካውን ቦታ ለመፈለግ ሁለቱን የእጀታውን ዳርቻዎች በቅርብ ይመልከቱ። በውስጥ በኩል የእጀታው ክፈፍ (ዳሩ ላይ ወጣ ያለው ቀለበት) የማብሪያና ማጥፊያውን ቤት መንካት የለበትም። በውጭ በኩል ደግሞ በመሪው ጫፍ ላይ የሚታሰረውን ብረት፣ ወይም ጫፉ የተዘጋ እጀታ ከሆነ ራሱን የመሪውን ቱቦ አፍ መጫን የለበትም። በሁለቱም በኩል ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ያስፈልጋል፤ ሦስት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት ዙሪያውን ሳይያዝ ማለፍ ይኖርበታል። ብዙውን ጊዜ ችግሩ የሚገኘው በውጭው ጫፍ ነው፤ እጀታውን የሚገጥመው ሰው በደንብ እንዲገባለት እስከ መጨረሻው ይገፋዋል፣ በዚህም የተዘጋው ጫፍ ከመሪው ቱቦ አፍ ጋር ተጣብቆ እንደ ፍሬን ይይዘዋል። ለማረጋገጥ የጫፉን ብረት አላልተው፣ ጫፉ የተዘጋ ከሆነም እጀታውን ትንሽ ወደ ውጭ ስበው ነዳጅ መስጫውን እንደገና ይሞክሩ። አሁን ፈጥኖ ከተመለሰ ምክንያቱ ተገኝቷል። መፍትሔው ጫፉ የተዘጋውን እጀታ ትንሽ ወደ ውጭ መሳብ፣ ወይም የጫፉን ብረት የሚነካ ከሆነ ከርዝመቱ የተረፈውን በስለታም ቢላ ቀጥ አድርጎ መቁረጥ ነው።

የቀኝና የግራው እጀታ ቀዳዳ እኩል አለመሆኑም መታወቅ አለበት። በአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች የመሪው ብረት ውፍረት 22 ሚሊ ሜትር ነው። የግራው እጀታ በቀጥታ በዚህ ብረት ላይ ሲገባ፣ የቀኙ ግን በብረቱ ላይ በሚሽከረከረው የፕላስቲክ ቱቦ ላይ ስለሚገባ ቀዳዳው ወደ 25 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። የግራው በኃይል በቀኝ በኩል ከገባ ፕላስቲኩን ጨምቆ ከብረቱ ጋር ያጣብቀዋል። በብሎን የሚታሰር እጀታም ከልክ በላይ ከጠበቀ ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳል፤ ብሎኑን በሩብ ዙር ብቻ አላልቶ ለውጡን ማየት ይህንን ይገልጠዋል።

ዳርቻዎቹ ነጻ ሆነውም ነዳጅ መስጫው ካልተመለሰ የማብሪያና ማጥፊያውን ቤት መክፈት ያስፈልጋል። ሁለቱን ብሎኖች ፈትተው ቤቱን በቀስታ ይክፈቱ፤ የካቦው ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ጉብ ቱቦው ላይ የተቀመጠችበትን ቦታ ከመንቀሳቀሷ በፊት በስልክ ፎቶ ማንሳት መልሶ ሲገጠም ብዙ ይረዳል። ከዚያ ጉቧን አውጥተው ቱቦውን ከነእጀታው ከመሪው ላይ ይሳቡት። በውስጡ ብዙ ጊዜ የሚገኘው እጀታው ሲለጠፍ ፈስሶ የገባ ማስቲሽ ነው፤ በብረቱ ላይ የደረቀውን በጥፍር ወይም በእንጨት ስንጥር ፍቀው በአልኮል በተነከረ ጨርቅ ይጥረጉት። ቀይ አቧራና ጭቃም ይኖራል፣ በተለይ ከከተማው ወጥተው በገጠር የጠጠር መንገድ በሚመላለሱ ሞተሮች ላይ። እዚህ ላይ አጥብቄ የምመክረው ነገር አለ፦ ቱቦውና ብረቱ በሚገናኙበት ቦታ ወፍራም ግሪስ አይቀባ። ለጊዜው ያለሰልሳል፣ ነገር ግን በበጋ አቧራውን ሰብስቦ ሊጥ ያደርገዋል፣ ነዳጅ መስጫውም ከቀድሞው በባሰ ሁኔታ ይከብዳል። ንጹህና ደረቅ ሆኖ ቢገጠም ይበቃዋል።

ሲመለስ የቤቱ ውስጠኛ ክፍል ላይ ያለችው ትንሽ እሾህ በመሪው ብረት ላይ በተበሳው ቀዳዳ ውስጥ መግባቷን ያረጋግጡ። ሳትገባ ብሎኖቹ ከጠበቁ ቤቱ ይሰነጠቃል፣ ወይም ሙሉ ቤቱ ከእጀታው ጋር አብሮ ይዞራል።

ከሁሉም ይበልጥ ትኩረት የሚሻው ግን የእጀታው መንሸራተት ነው። እጀታው ቱቦው ላይ የሚዞር ከሆነ አሽከርካሪው ነዳጅ የዘጋ እየመሰለው ሞተሩ ክፍት ሊቆይ ይችላል። መኖሩን ለማወቅ በማርከር ከእጀታው ክፈፍ እስከ ቱቦው ዳር አንድ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ፣ ከዚያም ነዳጅ መስጫውን ጠበቅ አድርገው ደጋግመው ያዙሩ። መስመሩ ከተሰበረ እጀታው ይንሸራተታል፤ ወጥቶ፣ ሁለቱም ገጽ በአልኮል ተጠርጎ፣ ለጎማ በሚሆን ማጣበቂያ እንደገና መለጠፍ አለበት። እጀታ በሳሙና ውሃ ወይም በዘይት አንሸራትቶ ማስገባት የተለመደ ቢሆንም ዘይቱ ጨርሶ አይደርቅም፣ ሳሙናውም ዝናብ ባገኘው ቁጥር መልሶ ይሟሟል። አልኮል ሲገባ ያንሸራትታል፣ ቆይቶ ደግሞ ይተናል። የአየሩ እርጥበት ከፍተኛ በሆነበት በክረምት ማጣበቂያው እስኪጠነክር ሌሊቱን ሙሉ ቢተው ይመረጣል።

እጀታው ሳይንሸራተት ጎማው ራሱ በመለስለሱ ምክንያት የሚጠማዘዝበትም ጊዜ አለ። ለስላሳ እጀታ ሲዞር መጀመሪያ ላዩ ይጠመዘዛል፣ ቱቦው የሚከተለው ትንሽ ዘግይቶ ነው፤ ይህም ካቦው የላላ ያስመስላል። ይህንን ስሜት ካቦ በማጥበቅ ማጥፋት አይቻልም። የሞከረ ሰው የሚያገኘው ሚኒሞው ከፍ ያለና መሪ ሲታጠፍ የሚጮኽ ሞተር ነው።

ይህ ሁሉ ከተጣራ በኋላ ባዶው ዙር ይለካል። ባዶ ዙር የምለው እጀታው መዞር ከጀመረበት አንሥቶ ካቦው እስኪወጠር ድረስ ያለ ሥራ የሚያልፈውን ርቀት ነው። በእጀታው ክፈፍ ላይ አንድ ነጥብ፣ በማብሪያው ቤት ላይም ከፊት ለፊቱ ሌላ ነጥብ ያድርጉ፤ መከበድ እስኪጀምር በቀስታ አዙረው በሁለቱ ነጥቦች መካከል ያለውን ርቀት ይለኩ። በብዙ ሞተር ሳይክሎች ከ2 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ይፈቀዳል፤ የእርስዎ ሞተር መመሪያ መጽሐፍ የተለየ ቁጥር ካለው የሚከበረው እርሱ ነው። ልኬቱ በእጀታው ውፍረት እንደሚለወጥ ግን አይዘንጉ። ወርዱ 30 ሚሊ ሜትር በሆነ ክፈፍ ላይ 4 ሚሊ ሜትር ይነበብ የነበረው ባዶ ዙር፣ ወርዱ 34 ሚሊ ሜትር በሆነው ላይ ካቦው ምንም ሳይነካ 4.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ወፍራም እጀታ የሚሰጠው የመላላት ስሜት በከፊል ከዚህ ይመጣል፤ ልኬቱ በተፈቀደው ውስጥ ካለ ካቦው አይነካ፣ እጅ ራሱ ይለምደዋል።

ከተፈቀደው ውጭ ከሆነ ካቦው ከእጀታው በሚወጣበት ቦታ ያለውን የጎማ ሽፋን ገፍተው የማሰሪያውን ዳዶ ያላሉ። ማስተካከያው ወደ ውጭ ሲወጣ ባዶው ዙር ይቀንሳል፣ ወደ ውስጥ ሲገባ ይጨምራል። ግማሽ ዙር ብቻ እያዞሩ ደጋግመው መለካት ይሻላል። የእጀታው ማስተካከያ ጥርሱ ሊያልቅ እስኪል ወጥቶም ካልበቃ፣ መልሰው አስገብተው በካርቡራተሩ (ነዳጅና አየር በሚቀላቅለው ክፍል) በኩል ባለው ማስተካከያ ይጀምሩ። ሁለት ካቦ ባላቸው ሞተሮች ሁለቱም መጀመሪያ ይላላሉ፣ ከዚያ ከፋቹ ይስተካከላል፣ መላሹ የሚከተለው በኋላ ነው። ሲጨርሱ ዳዶው መጥበቁን፣ የጎማ ሽፋኑም መመለሱን ይመልከቱ፤ ሽፋኑ ከቀረ ዝናብ በካቦው ውስጥ ይወርድና ዝገት ይጀምራል። ካቦው ሲሳብ የሚሻክር ከሆነ ከላይ በኩል ቀጭን ዘይት ያንጠባጥቡ፣ ከታች እስኪወጣ ድረስ። ከክሮቹ አንዱ እንኳ የተበጠሰ ካቦ ግን በዘይት አይታከምም፣ ይለወጣል።

አሁን ሞተሩን አስነሥተው እስኪሞቅ ይጠብቁ፣ ማርሹም በዜሮ ይሁን። መሪውን ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ በዝግታ ሲያዞሩ የሞተሩ ድምፅ ምንም መለወጥ የለበትም። ከፍ ካለ ባዶው ዙር አንሷል ወይም ካቦው ተወጥሯል ማለት ነው፤ ይህ ሳይስተካከል ወደ መንገድ መውጣት አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም ጠባብ መታጠፊያ ላይ ሞተሩ በራሱ ይፈጥናል። ሚኒሞ የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው። በብዙ ትናንሽ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተሮች በደቂቃ ከ1300 እስከ 1500 ዙር አካባቢ ይሆናል፣ የሚስተካከለውም በካርቡራተሩ ላይ ባለችው የሚኒሞ ብሎን ነው። ነዳጅ በኤሌክትሮኒክስ በሚረጭባቸው ብዙ አዳዲስ ሞተሮች ላይ ግን ሚኒሞውን ኮምፒዩተሩ ስለሚቆጣጠረው የነዳጅ መዝጊያውን ብሎን መነካካት አይገባም።

የመንገድ ሙከራው ሰው በማይበዛበት ሜዳ፣ በዝቅተኛ ማርሽ ይጀመር፤ ሐሙስ ቀን ገበያተኛ በሚጎርፍበት ሂርማታ ገበያ አካባቢ አይሞከርም። ነዳጅ መስጫው ክፍት ሆኖ ቢቀር ፍሪሲዮን ጨብጦ ሞተሩን በማጥፊያው ማጥፋትን አስቀድመው ይለማመዱ። ቀጥሎ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚወስደው የጅሬን ዳገት ላይ ነዳጁን ቀስ እያሉ እየጨመሩና እየቀነሱ ይሞክሩት፤ እጅ በዳገት ላይ ጠበቅ ብሎ ስለሚይዝ የሚንሸራተት እጀታ ራሱን የሚገልጠው እዚያ ነው። ሞተሩ ዳገቱ ላይ ቢደክም ወዲያው በካቦው አይፍረዱ፤ ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1700 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ሞተር ሁሉ ከቆላው አነስ ያለ ጉልበት ይሰጣል። ሲመለሱ በማርከር የተሠመረውን መስመር እንደገና ይመልከቱ፣ ሁለቱን የዳርቻ ክፍተቶችም በወረቀቱ ይፈትሹ። ይህንኑ ፍተሻ ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ በኋላ መድገም ያስፈልጋል፤ ውሃ ገብቶበት የሚለቅ ማጣበቂያ አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው ያኔ ነው።