አቀርቅሮ ስለመለሰ ዋሸ አይባልም

ሥራዬ የውስጥ ኦዲተሮችንና የሰው ኃይል ባለሙያዎችን ስለ ማጣራት ሥራ ማሠልጠን ነው። ዕቃ ጠፋ፣ ሒሳብ ጎደለ ሲባል ሰው ተጠርቶ ይጠየቃል። ከዚያ በኋላ የሚጻፉት ሪፖርቶች እኔ ጋ ይመጣሉ። የማገኛቸው ስህተቶች ሁሌም እነዚያው ናቸው።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ የዓይን ነገር ነው። «ተጠያቂው ዓይናችንን ማየት አልቻለም» የሚል ዓረፍተ ነገር ሳነብ ደሜ ይፈላል። ዓይኑን የሚያሸሽ ይዋሻል የሚለው እምነት የኛ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በ58 አገሮች በተደረገና በ2006 በወጣ ጥናት (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) «ውሸታም በምን ይታወቃል?» ተብለው የተጠየቁ ሰዎች ከምንም በላይ ያነሱት ዓይን መሸሽን ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ቤላ ዴፓውሎና ባልደረቦቿ ግን በ2003 የውሸት ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ የተባሉ 158 ነገሮችን አንድ በአንድ ፈትሸው ነበር። አብዛኞቹ ከውሸት ጋር ያላቸው ግንኙነት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ዓይን መሸሽም ከነዚያው ነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ታላቅን ወይም አለቃን አፍጥጦ ማየት ነውር ነው እየተባለ ያደገ ልጅ፣ ሦስት ሥራ አስኪያጆች ፊት ተቀምጦ ምን እንዲያደርግ ነው የምንጠብቀው? አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ያየሁት ወጣት የንብረት ክፍል ሠራተኛ እንዲህ ነበር። መሬት መሬት እያየ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ ነው የመለሰው። ኮሚቴው «ጥፋተኛነቱ ከሁኔታው ያስታውቃል» ብሎ ጽፎ ልጁን ከሥራ አግዶታል። የዕቃ ገቢ ደረሰኞቹን፣ ሞዴል 19 የሚባሉትን፣ አስመጡልኝ አልኩ። ከማስረከቢያ ሰነዶቹ ጋር ጎን ለጎን ስናያቸው አንዱ ጭነት ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል። የጠፋ ዕቃ አልነበረም። ልጁ ግን ያለ ደመወዝ ከርሟል። ከኮሚቴው አባላት አንዳቸውም ከመጠየቃቸው በፊት ሰነዶቹን አላገናዘቡም።

«ዓይኑ ወደ ቀኝ ከሄደ ይዋሻል» የሚለውን እርሱት። በ2012 ተፈትኖ ምንም አልተገኘበትም።

ሁለተኛው ፍርሃትን ከውሸት ጋር ማምታታት ነው። የውሸት መመርመሪያ የሚባለው ማሽንም የሚለካው የደም ግፊትን፣ ትንፋሽን፣ የእጅ ላብን እንጂ ውሸትን አይደለም። ንጹሕ ሰውም ልቡ ይመታል። ለሶቪየት ኅብረት ሲሰልል የኖረው የሲአይኤው አልድሪክ ኤምስ በ1986ም በ1991ም ማሽኑን አልፏል። በርካታ ሴቶችን የገደለው ጋሪ ሪጅዌይ በ1984 አልፎ፣ የተያዘው በ2001 በዲኤንኤ ነው። እኛም ድሮ ሌባሻይ ነበረን። አንድ ልጅ የሚያሰክር ነገር ይጠጣና ይለቀቃል፣ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ማስረጃ ሳይያዝ በሰውነት ሁኔታ ሰው የሚወነጀልበት ልማድ ዛሬም ቢሮ ውስጥ ሲቀጥል ሳይ አዝናለሁ።

«እኔ ሰው ሳይ አውቃለሁ» የምትሉ፣ እባካችሁ ተጠንቀቁ። ከ24 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸው ጥናቶች ተደምረው ሲታዩ፣ እውነትና ውሸትን በትክክል የለዩት በአማካይ 54 ከመቶ ነው። ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት ብዙም አይርቅም። ፖሊስ መሆንም ለውጥ አላመጣም።

ጀማሪዎች በጣም የሚሳሳቱበትና ሲገባቸው ደስ የሚለኝ ግን ይኼ ነው፤ ማስረጃን ገና በሩ ላይ መዘርገፍ። «ካሜራው አይቶሃል፣ ለምን ገባህ?» ብለው ይጀምራሉ። ሰውየው ታሪኩን ካሜራው እንዳየው አድርጎ ያስተካክለዋል፣ አለቀ። ማስረጃውን ለጊዜው አታውጡት። መጀመሪያ «ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የሆነውን ከመጀመሪያው ንገረን» በሉና ዝም ብላችሁ ስሙ። ቀጥላችሁ ቁልፉ ማን ጋ እንደነበር ጠይቁ። ቃሉ ከያዛችሁት ጋር ይሄዳል ወይስ ይጋጫል? የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ማሪያ ሃርትዊግና ባልደረቦቿ ይህንን ስዊድን ውስጥ ለፖሊስ ሠልጣኞች አስተምረው ነበር። የተማሩት ወደ 85 ከመቶ፣ ያልተማሩት 56 ከመቶ ያህል በትክክል ለይተዋል። ልዩነቱን ያመጣው የጥያቄው ቅደም ተከተል ነው።

እስኪያምን ድረስ ማስጨነቅም አለ። በ1955 በአሜሪካዋ ነብራስካ ግዛት ውስጥ ዳረል ፓርከር ሚስቱ ተገድላ ሳለ፣ በምርመራ ዘዴው ስመ ጥር የነበረው ጆን ሪድ ለሰዓታት አፋጦ «ገደልኳት» አሰኘው። በማግስቱ ቃሉን ቢያነሳም ተፈረደበት። ገዳዩ ሌላ ሰው ነበር። ግዛቱ ይቅርታ ጠይቆ ካሳ የከፈለው በ2012 ነው።

በመጨረሻ፣ ቃለ ጉባኤ ስትይዙ «ተንተባተበ»፣ «ላበው» አትበሉ። ጥያቄውንና መልሱን በራሱ ቃል እንዳለ ጻፉ፤ ከሥሩም የትኛው መልስ ከየትኛው ሰነድ ጋር እንደሚገጥም ወይም እንደሚጋጭ ከነቁጥሩ አስፍሩ።