ትልልቅ ሲክሊዶች አኳሪየም ውስጥ ሲጣሉባችሁ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ሰው ሁሌ የሚጠይቀኝ «የትኛው ዓሳ ነው ክፉው?» ብሎ ነው፣ እኔ ደሞ መጀመሪያ የምጠይቀው የአኳሪየሙን ርዝመት ነው። ሲክሊድ የሚባለው የዓሳ ዘር ባብዛኛው የሚጣላው ለቦታ ነዋ። ከዝዋይ ከሐዋሳ መጥቶ ተጠብሶ የምንበላው ቆሮሶ እኮ ራሱ ሲክሊድ ነው፣ ወንዱ በመራቢያው ጊዜ ሐይቁ ዳር አሸዋውን በአፉ እየዛቀ ጉድጓድ ይሰራና ሌላ ወንድ ዝር አያስብልም። ሐይቅ ውስጥ ግን የተሸነፈው ሄዶ ሌላ ቦታ ይይዛል፣ እኛ ቤት ያለው የት ይሂድ? ዙሪያው መስታወት ነው።

ምልክት፦ አንዱ ጥግ ላይ ወይ ከሂተሩ (ከውሃ ማሞቂያው) ጀርባ ተወሽቋል፣ ቀለሙ ጠቁሯል፣ ክንፉን አጣጥፏል፣ ምግብ ሲጣል አይወጣም

ብዙ ሰው ይሄን ሲያይ ታሟል ብሎ መድሃኒት ሊገዛ ይሮጣል። ቆይ መጀመሪያ ሌሎቹን እዩ። ሁሉም ላይ ላዩን እየዋኙ አየር የሚስቡ ከሆነ ችግሩ ውሃው ነው፣ አሞኒያና ናይትራይት (ከዓሳው ቆሻሻ የሚመጡ መርዞች ናቸው) ለኩ። እሱ ብቻ ከሆነና ጭራው የተበጣጠሰ ወይ ጎኑ ላይ ቅርፊት የጎደለ ከሆነ እየተነከሰ ነው። የሚነክሰውን ለመያዝ ደሞ አኳሪየሙ ፊት አትቁሙ፣ እናንተን ሲያዩ ምግብ መጣ ብለው ሁሉም ወደፊት ይመጡና ጠቡን ይተዉታል፣ ስልካችሁን ቪዲዮ ላይ አድርጋችሁ አስቀምጡና ሌላ ክፍል ሂዱ፣ ሃያ ደቂቃ በኋላ መጥታችሁ ስታዩት ማን ማንን እንደሚያሳድድ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን፣ ማውጣት ያለባችሁ ተደብዳቢውን ሳይሆን ደብዳቢውን ነው። ይሄን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። 470 ሊትር አኳሪየም ውስጥ አንድ ኦስካር፣ አንድ ግሪን ቴረር እና አንድ ጃክ ዴምፕሲ ነበሩኝ (ሶስቱም የሲክሊድ ዓይነቶች ናቸው፣ ዴምፕሲው በአሜሪካዊው ቦክሰኛ ስም የተጠራው ዓሳ ነው፣ ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም)። ዴምፕሲው ግሪን ቴረሩን ሲያሰቃየው አዘንኩለትና ተጎጂውን አወጣሁት፣ ያኔ ትክክል የሰራሁ መስሎኝ ነበር። ሳምንት አልሞላም ዴምፕሲው ዞሮ ኦስካሩን ያዘው፣ እኔ ስራ ውዬ ስመጣ ኦስካሩ አንድ ዓይኑ ጠፍቶ በጎኑ ተኝቶ አገኘሁት፣ አልተረፈም። አራት ዓመት ያሳደግኩት፣ ከእጄ ይበላ የነበረ ዓሳ ነው፣ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ተደብዳቢው ሲወጣ በመሀላቸው ያለው የጉልበት ደረጃ አይፈርስም፣ ቀጥሎ ያለው ደካማ ወደ ታች ይወርዳል፣ በቃ። ደብዳቢውን ስታወጡት ግን ቦታው የሱ መሆኑ ይቀራል። ትልቅ የፕላስቲክ ገንዳ ፊልተር (የውሃ ማጣሪያ) እና ሂተር ተደርጎበት፣ ዘሎ እንዳይወጣ ከላይ ተከድኖ፣ ለአንድ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል። እሱ በሌለበት ድንጋዩንም እንጨቱንም ሁሉንም አዛውሩ፣ እሱ ይዞት የነበረውን ዋሻ ካለበት ቦታ አንሱት፣ ከዛ መብራት አጥፍታችሁ መጨረሻ ላይ መልሱት። ያኔ እንግዳው እሱ ነው የሚሆነው። ሌላ ዕቃ ከሌላችሁ የፕላስቲክ ፍርግርግ ለክታችሁ ቁረጡና አኳሪየሙን መሀል ላይ ክፈሉት፣ ከስር በድንጋይ አጥብቁት፣ ትልቅ ሲክሊድ ልል የሆነን ነገር ገፍቶ ይጥለዋል።

ምልክት፦ ሁለቱ አፍ ላፍ ተያይዘው ይጓተታሉ

ሲያዩት ያስደነግጣል ግን ሁሌ መጥፎ አይደለም። በመጠን የሚቀራረቡ ሁለት ዓሶች ጉልበት እየተለካኩ ሊሆን ይችላል፣ ደቂቃዎች ይቆይና አንዱ ክንፉን አጥፎ ዞር ይላል፣ አሸናፊውም ከተወው እናንተም ተዉት፣ ደረጃ ወጥቷል። መግባት ያለባችሁ ተሸናፊው እጅ ሰጥቶም አሸናፊው ማሳደዱን ካላቆመ ነው።

ወይ ደሞ ወንድና ሴት ሆነው እየተመራረጡ ነው። ከትግሉ በኋላ አብረው አንድ ቦታ ጠጠር እየቆፈሩ ድንጋይ በአፋቸው እያጸዱ ካያችሁ እሱ ነው። እዚህ ላይ ግን ተጣመሩ ብላችሁ አትዘናጉ፣ ወንዱ ለመራባት ቀድሞ ደርሶ ሴቷ ገና ከሆነች ሊገድላት ይችላል። ወንዱ በግልጽ የሚበልጣት ከሆነ ፍርግርጉ ላይ እሷን ብቻ የምታሳልፍ ቀዳዳ ክፈቱ፣ ስትፈልግ ትሄዳለች፣ ሲከፋባት ትመለሳለች፣ እሱ አይከተላትም። ይሄ ዘዴ ብዙ ሴቶችን ያተርፋል።

ምልክት፦ ወራት በሰላም የኖሩት በአንድ ቀን ተበጠበጡ፣ ግማሹ አኳሪየም ባዶ ሆኖ ሁሉም አንድ ጥግ ታጭቀዋል

እንቁላል ፈልጉ። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ፣ የሸክላ ማሰሮ ካስገባችሁ ውስጡን፣ ጠጠሩ ላይ አዲስ ጉድጓድ ካለም እዩ። ኮንቪክት የሚባለው ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ብቻ የሚደርስ ዓሳ ነው፣ እንቁላል ከጣለ ግን የ30 ሳንቲሜትር ኦስካርን ጥግ አስይዞ ያስቀምጠዋል። እንቁላሉ በሶስት ቀን ገደማ ይፈለፈላል፣ ልጆቹ መዋኘት ሲጀምሩ ደሞ እናትና አባት ይባስ ይከፋሉ ምክንያቱም የሚጠብቁት ነገር አሁን ይንቀሳቀሳል። በፍርግርግ ለዩዋቸው ወይ ልጆቹን ካልፈለጋችሁ እንቁላል ያለበትን ድንጋይ አውጡት፣ ግን ተመልሰው ይጥላሉ፣ ስለዚህ የተጣመሩ ሲክሊዶች የራሳቸው አኳሪየም ቢኖራቸው ነው የሚሻለው።

እንቁላል ከሌለ ሂተሩን እዩት። 26 ዲግሪ ላይ ረጋ ያሉ ዓሶች ሂተሩ ተበላሽቶ 30 ሲገባ ይነቃነቃሉ፣ ጠባቸውም ይጨምራል፣ ቀስ አድርጋችሁ በቀን አንድ ዲግሪ አውርዱት። በቅርቡ ትልቁን ሸጣችሁት ወይ ሞቶባችሁ ከነበረም ሁለተኛው ቦታውን እየያዘ ነው ማለት ነው።

ምልክት፦ አዲስ ዓሳ ገና ከመግባቱ ይቀጠቅጡታል

ያው ቤታቸው ገብቶባቸው ነው። ከማስገባታችሁ በፊት ድንጋዩን አዛውሩ፣ ነባሮቹን አጥግቡ፣ መብራት አጥፉ፣ እስከ ማግስቱ አታብሩ። በመጠን የሚቀራረብ ይሁን፣ አፉ ውስጥ የሚገባለትን ዓሳ ኦስካር ጋ ካስገባችሁ እሱ ጠብ አይደለም፣ ምሳ ነው።

ምልክት፦ ሁሉንም ሞከርኩ፣ አልሆነም

እንግዲህ ቦታው አይበቃም ወይ ዓሳው ብቻውን መኖር ያለበት ነው። ሱቅ ውስጥ አምስት ሳንቲሜትር ሆኖ ስለሚሸጥ ሰው ይታለላል። አንድ ኦስካር ብቻውን 300 ሊትር ገደማ ይፈልጋል። ከኒካራጓ ሐይቆች የሚመጣው ሬድ ዴቪል ከ30 ሳንቲሜትር በላይ ይሆናል፣ ፍላወርሆርንም እንደዛው ሀይለኛ ነው፣ ሁለቱንም ካደጉ በኋላ ከሌላ ዓሳ ጋ እንድታኖሯቸው በጭራሽ አልመክርም። ሁለት ወይ ሶስት ሀይለኛ ዓሳ ማድረግም ከሁሉ የከፋው ቁጥር ነው፣ ጠቡ ሁሉ አንዱ ላይ ያርፋል። ለማያስፈልጋችሁ ዓሳ ቦታ ያለው ሰው ፈልጉለት፣ ወንዝ ውስጥ ግን እንዳትለቁት።

የተነከሰውን ማከም

ከውሃው ሩቡን በየቀኑ ወይ በየሁለት ቀኑ ቀይሩ፣ በሊትር ሁለት ግራም ያህል ጨው ሌላ ዕቃ ውስጥ አሟሟታችሁ ቀስ በቀስ ጨምሩ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ብቻ ካለው አንድ ቀን ክፍት ዕቃ ውስጥ አሳድሩት፣ አሜሪካ ያላችሁ ግን ብዙ ከተማ ክሎራሚን (ክሎሪን ከአሞኒያ ጋ ተዋህዶ የሚሰራ) ስለሚጠቀም እሱ በማሳደር አይወጣም፣ የግድ ክሎራሚን ማጥፊያው ፈሳሽ ያስፈልጋችኋል። ቁስሉ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ካወጣ ባብዛኛው ፈንገስ ነው፣ ያኔ መድሃኒት ግዙ። ከሂተር ጀርባ ሲደበቅ የከረመ ዓሳ ጎኑ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል፣ ሂተሩን በፕላስቲክ መከለያ ሸፍኑት። የተበላው ክንፍ መጀመሪያ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ሆኖ ነው የሚበቅለው፣ ቀለሙ ኋላ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ጫፉ ነጣ ብሎ ስታዩት እንዳትደነግጡ፣ እየዳነ ነው።