ስድስት ወር የቆመው የንባብ ዝርዝሬ እንዴት ተንቀሳቀሰ

ከተባበሩት መንግሥታት 193 አባል አገሮች ከእያንዳንዱ አንድ መጽሐፍ ለማንበብ ወስኜ ብነሣም፣ ጎንደር ፒያሳ አሮጌ መጻሕፍት ተዘርግተው ከሚሸጡበት የማገኘው በአብዛኛው የእንግሊዝ፣ የአሜሪካና የሩሲያ ሥራ ስለነበር፣ ዝርዝሬ 11 አገር ላይ ስድስት ወር ቆመ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ርዕስ እየጠራሁ ከመጠየቅ በቀር የአሳታሚ ተከታታይ ኅትመት አልፈለግሁም። የእንግሊዙ አሳታሚ ሄይነማን እ.ኤ.አ. በ1962 የጀመረውን የአፍሪካ ጸሐፊዎች ተከታታይ በብርቱካናማ ጀርባው መለየት ስጀምር፣ ከአንድ ቁልል ሥር የናይጄሪያ፣ የኬንያና የጋና ልብ ወለዶች ወጡ፤ የአንዱ ሽፋን ሻይ የፈሰሰበት ነበር። ረጅም ልብ ወለድ ላጣሁለት አገር ደግሞ ከመድበል አንድ አጭር ልብ ወለድ አንብቤ እቆጥራለሁ፤ ወዳጄ ማጭበርበር ነው ይላል፣ እኔ ግን አልስማማም። አገሩን የምመዘግበው በደራሲው እንጂ ታሪኩ በተፈጸመበት ስፍራ አይደለም። አሁን 27 ደርሻለሁ።