ሴራሚክ ቤት ውስጥ ሲቀባ፦ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ጃኬት ታወልቃላችሁ። ሴራሚክም፣ ማለትም የመኪና፣ የባጃጅና የሳይክል ቀለም ላይ የሚቀባው መከላከያ ፈሳሽ፣ አየሩን ያውቃል፤ ደሴ ላይ ቀስ ይላል፣ ኮምቦልቻ ላይ ይቸኩላል። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ። ቀብታችሁ እስክትጠርጉ ጠብቁ ተብሎ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ደቂቃ ግን ለሁለቱም አንድ ነው። እኔ የማየው ብልሽት አብዛኛው ከዚህ ይመጣል።

ቀለሙ ላይ ጥላ ጥላ የሚመስል ነገር ቀረ

ዋናው ችግር ይሄ ነው። ሴራሚኩ እንደተቀባ ፈሳሹ መትነን ይጀምራል። ያኔ ውሃ ላይ እንደፈሰሰ ናፍታ ቀስተ ደመና ቀለም ያወጣል። መጥረግ ያለባችሁ ያን ጊዜ ነው። ካለፈ ትርፉ እዚያው ይደርቃል።

እኔ አንድ ቀን ኮምቦልቻ ላይ፣ በ7 ሰዓት ፀሐይ፣ የጥቁር መኪና ኮፈን ሙሉውን ባንዴ ቀባሁ። መሀል ላይ ስልክ ተደወለ። ስመለስ ጨርቁ አልንሸራተት አለኝ። የእጄ ዱካ ክብ ክብ እየሠራ ኮፈኑ ላይ ቀረ።

ከተቀባ ብዙ ካልቆየ፣ እዚያው ቦታ ላይ ትንሽ አዲስ ሴራሚክ ደርቡበት። የታችኛውን ያላላዋል። ወዲያው በንጹህ ማይክሮፋይበር ጥረጉት። ካደረ ግን በፖሊሽ (በስሱ በሚፍቅ ማለስለሻ) አንስታችሁ ያንን ቦታ ብቻ እንደገና መቀባት ነው። በደረቅ ጨርቅ በጉልበት ብታሹት ጭረት ነው የምታተርፉት።

ለሌላ ጊዜ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር እየከፈላችሁ ቀቡ። ኮምቦልቻ ላይ ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት፣ ጥላ ውስጥ ጨርሱ። የእጃችሁን ጀርባ ኮፈኑ ላይ አድርጉ፤ ከሞቀ አትጀምሩ። ስትጨርሱ የስልክ መብራት ከጎን አብሩበት። ፊት ለፊት ካበራችሁ ጥላው አይታይም።

ጠዋት ነጭ ነጠብጣብ አወጣ

ይሄ የደሴ ችግር ነው። ሴራሚክ ለመጠንከር ከአየር እርጥበት ይፈልጋል፤ ጠብታ ውሃ ግን ጠላቱ ነው። በ10 ሰዓት ቀብታችሁ ግቢ ውስጥ ካሳደራችሁት ሌሊት ጤዛ ይወርድበታል። ውሃው ሲደርቅ ከአቧራው የሟሟው ጨው ይቀራል።

አቼቶ ከእኩል ውሃ ጋር ቀላቅሉ፣ ጨርቅ ነክራችሁ አንድ ደቂቃ ያህል አሳርፉበት፣ ከዚያ በደንብ አጥቡት። ካልለቀቀ ፖሊሽ ነው። ደሴ ላይ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ባለው ሙቀት ቀቡና ቢያንስ 24 ሰዓት ጣሪያ ስር ይዋል ይደር። ሳሙና ደግሞ ለአንድ ሳምንት አታስነኩት። በልግም አለ፤ መጋቢት ላይ ሰማዩ ጠራ ብላችሁ አትዘናጉ።

ውሃው እዚህ ይንከባለላል፣ እዚያ ይተኛል

መጀመሪያ እጠቡት። ብዙ ጊዜ አቧራ ብቻ ነው። ታጥቦም ከተኛ ስር የቀረ ሰም ወይም ዘይት አለ፤ የባጃጅ የኋላ ክፍል ላይ ይሄ ይበዛል። ቦታውን በፖሊሽ አንሱት፣ በአልኮል ጥረጉት፣ እንደገና ቀቡት።

ጭረቱ ስር ታየ

ሴራሚክ ጭረት አይደብቅም። እንዲያውም ያበራዋል። ፖሊሹ ሴራሚኩ ከመቀባቱ በፊት ነበር መደረግ የነበረበት። የጠጠር ምትንም አይከላከልም፤ ያንን ቃል የሚገባላችሁን አትመኑ።

ሳይክሉ ፍሬን አልይዝ አለ

እዚህ ላይ እለምናችኋለሁ፣ አትንዱት። ሴራሚክ ዲስኩ ወይም ሸራው የሚይዘው ቸርኬ ላይ ነክቷል ማለት ነው። ብረቱን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብላችሁ አሹት፣ በአልኮል ጥረጉት። ሸራው ከነካው ቀይሩት፤ ዋጋው ከጥርሳችሁ አይበልጥም። ለሌላ ጊዜ ጎማዎቹን ፈታችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ፣ ፍሬኑን በፌስታል ሸፍኑ፣ ፍሬሙን ብቻ ቀቡ። ሲጨርስ ሜዳ ላይ፣ በእግር ፍጥነት፣ የፊቱንና የኋላውን ፍሬን ለየብቻ ሞክሩ። ሐረጎን የምትወርዱት ከዚያ በኋላ ነው።